ቭኹቴማስ፦ ስለ ሞስኮው የሥነ ሕንፃና የከተማ ፕላን ትምህርት ቤት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሥነ ሕንፃ ተማሪዎችና የታሪክ ወዳጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቭኹቴማስ ምንድን ነው?

ቭኹቴማስ ከ1920 እስከ 1930 ሞስኮ ውስጥ የነበረ የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነው። ስሙ በሩሲያኛ «ከፍተኛ የሥነ ጥበብና የቴክኒክ ወርክሾፖች» ለሚለው ረጅም መጠሪያ የወጣ ምሕፃረ ቃል ነው። አርክቴክቶች፣ ሠዓሊዎች፣ ቀራፂዎች፣ የኅትመት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የሴራሚክ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ ባለሙያዎች ሁሉ በአንድ ተቋም ይሠለጥኑ ነበር። እዚህ የምናተኩረው በሥነ ሕንፃና በከተማ ፕላን ትምህርቱ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ቭኹቴማስን የሚያውቀው አየር ላይ በሚንሳፈፉ ከተሞችና በመስታወት ሉሎች ሥዕል ነው። ሥዕሎቹ ድንቅ ናቸው፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ለዓለም ያበረከተው ትልቁ ነገር እነሱ አይመስሉኝም። ትልቁ ነገር ለጀማሪ ተማሪ ሥነ ሕንፃን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ያገኘው መንገድ ነው። ከታች ያሉት መልሶች ደጋግመው ወደዚያ የሚመለሱት ለዚህ ነው።

ማን መሠረተው?

የሶቪየት መንግሥት ነው። በኖቬምበር 29 ቀን 1920 የሕዝብ ኮሚሳሮች ምክር ቤት ባወጣውና ሌኒን በፈረመበት ድንጋጌ ተቋቋመ። የተሰጠው ተልእኮም ለኢንዱስትሪው ከፍተኛ ችሎታ ያላቸው ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር።

ይሁን እንጂ ከባዶ አልተነሣም። ከአብዮቱ በፊት ሞስኮ ውስጥ ሁለት የታወቁ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ አንደኛው በተግባራዊ ጥበብ የሚታወቀው የስትሮጋኖቭ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛው የሥዕል፣ የቅርፃ ቅርፅና የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት። በ1918 ሁለቱም «ነጻ የመንግሥት የጥበብ ወርክሾፖች» ተባሉ፤ በ1920 ደግሞ ተዋሐዱና ቭኹቴማስ ሆኑ። ስለዚህ ከአዲሶቹ መምህራን ጎን በድሮው ሥርዓት ያደጉ አንጋፋዎችም ነበሩ። ይህ መደባለቅ በኋላ ለተነሣው ክርክር ሁሉ መነሻ ነው።

ቭኹቴማስ፣ ቭኹቴይን፣ ማርኺ… ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሦስቱም በአንድ ሐረግ የሚገኙ ናቸው። ቭኹቴማስ በ1927 ከ«ወርክሾፖች» ወደ «ኢንስቲትዩት» ሲለወጥ ቭኹቴይን ተባለ። በ1930 ተቋሙ ሲበተን የሥነ ሕንፃ ክፍሉ ከሌላ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የሥነ ሕንፃ ክፍል ጋር ተቀላቅሎ የሥነ ሕንፃና የግንባታ ኢንስቲትዩት ሆነ። በ1933 ደግሞ እስከ ዛሬ ያለው የሞስኮ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት፣ በአጭር ስሙ ማርኺ፣ ተመሠረተ። በፔትሮግራድም ተመሳሳይ ስም የነበረው ተቋም ስለነበር ሁለቱን አለማምታታት ጥሩ ነው፤ እዚህ የምንናገረው ስለ ሞስኮው ነው።

የት ነበር የሚገኘው? ሕንፃዎቹ ዛሬ አሉ?

አሉ። ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በምያስኒትስካያ ጎዳና ቁጥር 21፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ፊት ለፊት ያለው ባለ ክብ ማዕዘን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃ ነው። ሁለተኛው በሮዥዴስትቬንካ ጎዳና ቁጥር 11 የሚገኘው ግቢ ሲሆን ዛሬም ማርኺ ያለው እዚያው ነው። በግቢው ውስጥ በቭኹቴማስ ስም የተሰየመ የኤግዚቢሽን አዳራሽ አለ።

ተማሪዎቹ እነማን ነበሩ? ኑሯቸውስ?

በአብዛኛው የሠራተኛና የገበሬ ልጆች፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች፣ ከየአውራጃው የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱት «የሠራተኞች ፋኩልቲ» በሚባለው መሰናዶ በኩል ይገቡ ነበር። ቁጥራቸው ከ2,000 በላይ ደርሶ ነበር። ኢቫን ሌዮኒዶቭን ብንወስድ፣ የመጣው ከገጠር ቤተሰብ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዓለም አርክቴክቶች የሚነጋገሩበት ስም ሆነ።

ኑሮው ግን ከባድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞስኮ ዳቦም ማገዶም ያጣችባቸው ዓመታት ናቸው። ክፍሎቹ አይሞቁም፤ ወረቀትና ቀለም በመከራ ይገኛል። ተማሪዎቹ ሞዴል የሚሠሩት ከሸክላ ጭቃ፣ ከካርቶንና ከተገኘው ቁርጥራጭ ነበር።

በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1921 ማታ ሌኒን ከባለቤቱ ከክሩፕስካያ ጋር የተማሪዎቹን መኖሪያ ጎብኝቶ ነበር። በቦታው የነበሩ ተማሪዎች እንዳስታወሱት፣ ምን እንደሚያነቡና ፑሽኪንን ይወዱ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ እነሱም ፑሽኪንን ትተው የዘመናቸውን ገጣሚ ማያኮቭስኪን እንደሚያነቡ መለሱለት። ፑሽኪንን ከሐበሻ ደሙ ጋር ለሚያስታውስ አንባቢ መልሱ ደስ አያሰኝ ይሆናል፤ የወጣቶቹን ልብ ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የድሮ የተባለውን ሁሉ ትተው ከአንድ ለመጀመር የቆረጡ ልጆች ነበሩ።

ሥነ ሕንፃ እንዴት ነበር የሚያስተምሩት?

ከዚያ በፊት በነበረው ልማድ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው የግሪክና የሮማ ምሰሶዎችን በመቅዳት ነበር። የምሰሶውን ራስ፣ የጉልላቱን ጌጥ፣ የመስኮቱን ክፈፍ በእርሳስና በቀለም ደጋግሞ ይገለብጣል። በዚህ መንገድ እጁ ይሠለጥናል፤ ቅርጹ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን የሚጠይቀው የለም።

ቭኹቴማስ ይህን ገለበጠው። ማንኛውም ገቢ ተማሪ፣ ወደፊት ሠዓሊም ሆነ አርክቴክት የሚሆን፣ መጀመሪያ በጋራው መሠረታዊ ክፍል ያልፋል። እዚያ ስለ ቀለም፣ ስለ ግራፊክስ፣ ስለ ቮልዩም (የቅርጽ ግዝፈት) እና ስለ ስፔስ (በቅርጾች ውስጥና መካከል ያለው ክፍት ቦታ) የተለያዩ ኮርሶች ይወስዳል። ለአርክቴክቶች ወሳኙ ስፔስ የተባለው ኮርስ ነበር። ኒኮላይ ላዶቭስኪ፣ ቭላድሚር ክሪንስኪና ኒኮላይ ዶኩቻዬቭ ያዘጋጁት ነው።

ልምምዱን ቀረብ ብለን እንየው። ተማሪው የሚሰጠው ቋሚ ባለ አራት ማዕዘን ግዙፍ ቅርጽ ነው፤ ቤት፣ መስኮት፣ በር የሚባል ነገር የለውም። ጥያቄው አንድ ነው፦ በአንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው የዚህን ቅርጽ ስፋት፣ ቁመትና ጥልቀት ያለ ጥርጥር እንዲያውቀው ምን ታደርጋለህ? አንዱ ተማሪ ማዕዘኑን ይሰነጥቃል። ሌላው ገጹን በአግድም ይከፋፍልና ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ክፍፍሉን ያሳንሳል። ሦስተኛው ከመሐል ቆርጦ ያወጣና ጥላ ይፈጥራል። መፍትሔው የሚቀርበው በሸክላ ጭቃ ወይም በወረቀት ሞዴል እንጂ በሥዕል አይደለም፤ ዞር ብለው ካላዩት ስፔስ አይገባምና። ቀጥሎ የሚመጡት ልምምዶች ክብደትን፣ ምትን፣ ምጣኔን፣ እንቅስቃሴን ይመለከታሉ። ተማሪው በረቂቁ ከሠራ በኋላ ያንኑ ጥያቄ በእውነተኛ ግንባታ ላይ ይፈታል፤ የውኃ ማማ፣ የእህል ጎተራ፣ የመርከብ መውረጃ ይሰጠዋል። ቭላድሚር ሲምቢርትሴቭ በተማሪነቱ የሠራው ከገደል ላይ ተንጠልጥሎ ባሕር የሚያይ ምግብ ቤት የዚህ ዓይነት ልምምድ ውጤት ነው።

ላዶቭስኪ ማን ነው?

ኒኮላይ ላዶቭስኪ ከ1881 እስከ 1941 የኖረ ሩሲያዊ አርክቴክትና መምህር ነው። የሠራቸው ሕንፃዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በተማሪዎቹ አእምሮ ላይ የገነባው ግን ብዙ ነው። «የሥነ ሕንፃ ጥሬ ዕቃ ድንጋይ ሳይሆን ስፔስ ነው» ያለው እሱ ነው። ይህ አባባል የማስተማሩ ሁሉ መሠረት ነበር።

በ1927 ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ላቦራቶሪ አቋቋመ። ክፍሉ ጥቁር የተቀባ ሲሆን የተማሪውን ዓይን የሚለኩ በእጅ የተሠሩ መሣሪያዎች ነበሩበት። አንዱ መሣሪያ የመስመርን ርዝመት፣ ሌላው የማዕዘንን ስፋት፣ ሌላው የቅርጽን መጠን፣ ሌላው ደግሞ ጥልቀትን በዓይን ብቻ ምን ያህል በትክክል መገመት እንደሚቻል ይፈትሻል። ሐሳቡ የመጣው በዘመኑ ለፋብሪካ ሠራተኛና ለባቡር ነጂ ይደረግ ከነበረው የሥነ ልቦና ፍተሻ ነው። ላዶቭስኪ እንዲህ ያለ ፍተሻ ለአርክቴክትም ያስፈልገዋል ብሎ ያምን ነበር።

ከሥራዎቹ አንዱን ዛሬም ማየት ይቻላል። ሞስኮ ሄዶ በክራስኒዬ ቮሮታ የሜትሮ ጣቢያ የሚያልፍ ሰው በአንዱ በኩል ያለውን መግቢያ ልብ ይበል፤ በ1935 የተከፈተ ሲሆን፣ እርስ በርስ እየጠበቡ ወደ ውስጥ የሚገቡ ግማሽ ክቦች ናቸው። በሩ ፊት የቆመ ሰው ወደ ምድር ውስጥ የሚወርደው መተላለፊያ ገና ሳይገባበት ይሰማዋል። የክፍል ልምምዱ በሲሚንቶ ተሠርቶ ቆመ ማለት ይህ ነው።

መምህራኑ ሁሉ ኮንስትራክቲቪስቶች ነበሩ?

አልነበሩም። ይህ በጣም የተስፋፋ ስሕተት ነው፤ ኮንስትራክቲቪስቶች የሚባሉት የሕንፃ ቅርጽ ከአገልግሎቱና ከግንባታ ዘዴው ይወለዳል የሚሉት ብቻ ናቸው። ሥነ ሕንፃ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሦስት አስተሳሰቦች ጎን ለጎን ያስተምሩ ነበር። እነ ኢቫን ዦልቶቭስኪና አሌክሲ ሹሴቭ የክላሲኩን መንገድ ይዘው ቀጠሉ። እነ ላዶቭስኪ ተማሪዎቻቸውን ይዘው የራሳቸውን የተባበሩ ወርክሾፖች አቋቋሙ፤ በ1923 ደግሞ አስኖቫ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ራሳቸውን የሚጠሩት ራሽናሊስቶች ብለው ነው። ኮንስታንቲን ሜልኒኮቭና ኢሊያ ጎሎሶቭም ለብቻቸው የሚመሩት ወርክሾፕ ነበራቸው።

ኮንስትራክቲቪስቶቹ አሌክሳንደር ቬስኒንና ሞይሴይ ጊንዝቡርግ ናቸው። በ1925 ኦሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ከአስኖቫ ጋር የነበራቸው ክርክር መራራ ነበር። ኦሳዎች ቅርጽ ከአገልግሎትና ከግንባታ ዘዴ ይወለዳል ሲሉ፣ አስኖቫዎች ደግሞ ሕንፃን የሚያየው ሰው ስለሆነ የሰው ዓይንና ስሜት ሕግ አለው ይላሉ። ተማሪው የፈለገውን መምህር መርጦ መማር ይችል ነበር። እኔ እንደማስበው የትምህርት ቤቱ ጥንካሬ የመጣው ከዚህ ነው፤ አንድ ተማሪ ጠዋት የሰማው ከሰዓት በኋላ ሲነቀፍ ይሰማል፣ የራሱን አቋምም ለመያዝ ይገደዳል።

የከተማ ፕላንስ ያስተምሩ ነበር?

አዎ፤ እንዲያውም በሩሲያ የከተማ ፕላን ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ እንዲታይ ከታገሉት መካከል ላዶቭስኪ ግንባር ቀደም ነው። ተማሪዎቹን የከተማ ፕላን መመረቂያ ሥራ ያሠራ ነበር፤ በ1928 ደግሞ ከአስኖቫ ወጥቶ የከተማ አርክቴክቶችን ማኅበር አቋቋመ።

በጣም የሚታወቀው ሐሳቡ «ፓራቦላ» የሚባለው ነው። ሞስኮ መሐሏ ክሬምሊን ሆኖ ዙሪያዋን በቀለበት መንገዶች የተከበበች ከተማ ናት። ላዶቭስኪ እንዲህ ያለችው ከተማ ስታድግ መሐሏ ይታፈናል አለ፤ መሐሉ ሊሰፋ ቢፈልግ የከበበውን ቀለበት ማፍረስ አለበት፣ ቀለበቱ ሊሰፋ ቢፈልግ ደግሞ ቀጣዩን። መፍትሔው ቀለበቶቹን በአንድ በኩል መክፈት ነው። ያኔ መሐሉ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሌኒንግራድ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ የሚረዝም መስመር ይሆናል። መኖሪያው፣ ኢንዱስትሪውና አረንጓዴው ቦታም እንደ ፈረስ ጫማ አቅፈውት አብረው ያድጋሉ። አሮጌዋ ከተማ ሳትፈርስ አዲሷ ትቀጥላለች። ሐሳቡን በ1930 አሳተመው፤ መንግሥት ግን አልተቀበለውም፤ የ1935ቱ የሞስኮ ማስተር ፕላን የቀለበቱን አካሄድ ይዞ ቀጠለ። ግሪካዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ዶክሲያዲስ በአንድ አቅጣጫ ስለምታድግ ከተማ ያቀረበው ተመሳሳይ ሐሳብ ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚበረው ከተማ እውነት የቀረበ ፕሮጀክት ነው?

እውነት ነው። ጌኦርጊ ክሩቲኮቭ በ1928 በላዶቭስኪ ሥር ለመመረቂያው ያቀረበው ሥራ ነው። በእሱ አሳብ ምድር ለሥራ፣ ለመዝናኛና ለተፈጥሮ ትለቀቃለች፤ መኖሪያ ቤቶቹ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ሰው በአየርም በመሬትም በውኃም በምትሄድ ትንሽ ካቢን ይመላለሳል፤ ካቢኗ ሕንፃው ላይ ስትለጠፍ የቤቱ አንድ ክፍል ትሆናለች። ክሩቲኮቭ ሥዕል ብቻ አልነበረም ያቀረበው፤ ሰው ከጋሪ እስከ አውሮፕላን እንዴት እየተንቀሳቀሰ እንደመጣ የሚያሳዩ የጥናት ሰሌዳዎችንም ደርድሯል። ተመረቀም።

ፕሮጀክቱ በጋዜጣ ብዙ ተብጠለጠለ፤ የሕዝብ ገንዘብ በሕልም ላይ ይባክናል የሚሉ ነበሩ። ክሩቲኮቭ ግን በደመና የቀረ ሰው አይደለም። በ1935 የተከፈተው የፓርክ ኩልቱሪ የሜትሮ ጣቢያ ከአርክቴክቶቹ አንዱ እሱ ነው። በሰማይ ከተማ የጀመረው ሰው ከመሬት በታች ገንብቷል።

ሌዮኒዶቭ ለምን እንዲህ ይወደሳል?

ኢቫን ሌዮኒዶቭ በ1927 በአሌክሳንደር ቬስኒን ሥር ሲመረቅ ያቀረበው የሌኒን ኢንስቲትዩት ፕሮጀክት ነው ምክንያቱ። 15 ሚሊዮን መጻሕፍት የሚይዝ ቀጭን ረጅም ማማ፣ ከጎኑ መሬት የነካ የማይመስል ትልቅ የመስታወት ሉል። ሉሉ እስከ 4,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ነው። ሁሉም ነገር በቀጫጭን የብረት ገመዶች ተወጥሮ የቆመ ነው። ሞዴሉ በዚያው ዓመት ሞስኮ ውስጥ በተደረገው የዘመናዊ ሥነ ሕንፃ ኤግዚቢሽን ላይ ሲታይ ያየው ሁሉ ተደመመ።

ሌዮኒዶቭ ያየው ሕንፃን እንደ ግድግዳ ሳይሆን በሰፊ ሜዳ ላይ እንደተቀመጡ ጥቂት ነገሮች ግንኙነት ነው። ብዙ ቆይቶ የመጣው ሥነ ሕንፃ ይህን ትምህርት ወስዷል። ለራሱ ለሌዮኒዶቭ ግን ዋጋ አስከፈለው። በ1930 ስሙ ራሱ ስድብ ሆነ፤ «ሌዮኒዶቭነት» ማለት ከእውነታ የራቀ ቅዠት ማለት ነው ተባለ። በ1959 እስኪሞት ድረስ ከተሠሩለት ሥራዎች የሚታወቀው በኪስሎቮድስክ በሚገኝ ሳናቶሪየም ኮረብታ ላይ ያለ ደረጃ ነው።

ሴቶች ነበሩበት?

ነበሩ፤ በተማሪነትም በመምህርነትም። ሊዩቦቭ ፖፖቫ በ1924 በሕመም እስክትሞት ድረስ የቀለም ትምህርቱን ከቀረጹት አንዷ ናት። ቫርቫራ ስቴፓኖቫ በጨርቃ ጨርቅ ክፍል አስተምራለች። ከአርክቴክቶቹ ሊዲያ ኮማሮቫን ማንሳት ግድ ነው። በ1929 ለመመረቂያዋ ያቀረበችው የኮሚንተርን (የዓለም ኮሚኒስት ፓርቲዎች ማኅበር) ሕንፃ ክብ ወለሎች በተለያየ መጠን ተደራርበው የሚወጡበት ነው፤ በሞዴሉ ፎቶ ላይ እንኳ የሚሽከረከር ይመስላል። ከጦርነቱ በኋላ የባውማን ቴክኒክ ትምህርት ቤትን ትልቅ ሕንፃ ነድፋለች።

ከተመራቂዎቹና ከመምህራኑ ሥራ ዛሬ ምን ማየት ይቻላል?

ሞስኮ ውስጥ በርካታ አለ። የሞስኮ ፕላኔታሪየም የሁለት ተመራቂዎች፣ የሚኻኢል ባርሽና የሚኻኢል ሲንያቭስኪ ሥራ ነው፤ በ1929 ተከፈተ፣ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቶ በ2011 እንደገና ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ባርሽ በ1964 ለጠፈር ድል አድራጊዎች የቆመውን፣ ሮኬት ወደ ሰማይ ሲወነጨፍ የሚያሳየውን ሐውልት ከነደፉት አርክቴክቶችም አንዱ ነው።

ከመምህራኑ ሥራ የጊንዝቡርግ ናርኮምፊን (የገንዘብ ኮሚሳሪያት ሠራተኞች) የመኖሪያ ሕንፃ ቀዳሚ ነው። ከኢግናቲ ሚሊኒስ ጋር ከ1928 እስከ 1930 የሠራው ሲሆን፣ ትንንሽ ባለ ሁለት ከፍታ መኖሪያዎች፣ የጋራ መመገቢያና ጣሪያ ላይ መናፈሻ ነበሩት። ለአሥርተ ዓመታት ሲፈርስ ኖሮ በ2020 ጥገናው ተጠናቀቀ፤ ጥገናውን የመራው የልጅ ልጁ አሌክሲ ጊንዝቡርግ ነው። የሜልኒኮቭ መኖሪያ ቤትም አለ፦ ሁለት ሲሊንደሮች እርስ በርስ የገቡበት፣ ግድግዳው በስድስት ጎን መስኮቶች የተወጋ።

ከባውሃውስ ማን ይቀድማል? ማን ከማን ቀዳ?

ባውሃውስ የተባለው የጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት በ1919 ጀርመን ውስጥ ተከፈተ፤ ቭኹቴማስ በ1920። ነገር ግን በባውሃውስ ራሱን የቻለ የሥነ ሕንፃ ክፍል የተጀመረው በ1927 ሲሆን፣ በቭኹቴማስ ከመጀመሪያው ቀን ነበረ። በመጠንም ሞስኮው ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

አንዱ ከሌላው ቀዳ ከማለት በአንድ ዘመን ተመሳሳይ ጥያቄ የተነሣባቸው ሁለት ቦታዎች ናቸው ማለት ይቀላል። ግንኙነት ግን ነበራቸው። ሞስኮ ይሠራ የነበረው ሠዓሊ ካንዲንስኪ በ1922 ባውሃውስ ገብቶ አስተማረ። በ1928 የባውሃውስ የሽመና መምህርት ጉንታ ሽተልትስል ሞስኮን ጎበኘች። የባውሃውስ ዳይሬክተር የነበረው ሃነስ ማየርም በ1930 ከሥራው ሲባረር ወደ ሞስኮ ሄዶ ቭኹቴይንን በተካው ኢንስቲትዩት አስተማረ። ዝናቸው የተለያየው በኋላ በሆነው ነገር ነው። የባውሃውስ መምህራን አሜሪካ ገብተው ትምህርት ቤት መሩ፣ ጻፉ፣ ገነቡ። የቭኹቴማስ ሰዎች ግን በአብዛኛው እዚያው ቀሩ፤ ሥራቸውም መጋዘን ገባ። እንደ ሰሊም ኻን-ማጎሜዶቭ ያሉ የታሪክ ተመራማሪዎች በሕይወት የነበሩትን ተማሪዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ሥዕሉንና ፎቶውን ባይሰበስቡ ኖሮ ብዙው ጠፍቶ ይቀር ነበር።

ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት መማር ይቻላል?

በወራሹ በማርኺ ይቻላል። ወደ አርክቴክቸር ለመግባት የሥዕል ፈተና አለ፤ የጂኦሜትሪ ቅርጾችን አቀነባብሮ መሣልና ከጂፕሰም የተሠራ የሰው ራስ መሣል በባህላዊ መንገድ ይጠየቃሉ። ስለዚህ በሒሳብ ብቻ የሚተማመን ተማሪ እርሳሱን ቀድሞ ይለማመድ። የማስተማሪያ ቋንቋው በዋነኝነት ሩሲያኛ በመሆኑ የውጭ ተማሪ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት በቋንቋ መሰናዶ ያሳልፋል። የሩሲያ መንግሥት ለውጭ ተማሪዎች በሚሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድል መወዳደርም ይቻላል፤ አዲስ አበባ ያለ አመልካች በከተማው ከሚገኘው የሩሲያ የሳይንስና የባህል ማዕከል መጠየቅ ይችላል።

አንደኛ ዓመት ላይ ሁለቱም ውርሶች ይጠብቁታል። በአንድ በኩል የክላሲክ ምሰሶን በተበጠበጠ ቀለም፣ ንጣፍ በንጣፍ እያጠቆሩ መሣል አለ። በሌላ በኩል ከነጭ ወረቀት ቆርጦ አጥፎ የስፔስና የቮልዩም ሞዴል መሥራት አለ፤ ይህ በቀጥታ ከእነ ላዶቭስኪ ኮርስ የወረደ ነው።

ያዘጋው ስታሊን ነው?

መልሱ ብዙዎች ከሚጠብቁት ይለያል። ትምህርት ቤቱ የተበተነው በ1930 ነው። የጥበብ ማኅበራትን ሁሉ ያፈረሰው የፓርቲው ውሳኔ የወጣው ግን በኤፕሪል 1932 ነው። በ1930 የነበረው ገፊ ምክንያት የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ነበር። መንግሥት ለእያንዳንዱ የኢንዱስትሪ ዘርፍ ብዙ ባለሙያ በአጭር ጊዜ ፈለገ፤ ሁሉን ባንድ የሚያስተምር ተቋም ተሰነጣጥቆ ኅትመቱ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ሥነ ሕንፃው ለየብቻ ኢንስቲትዩት ሆኑ። ከሁሉም በላይ የተጎዳው የጋራው መሠረታዊ ክፍል ነው።

የውስጥ እሳትም ነበረ። በ1929 ቮፕራ የተባለ የፕሮሌታሪያት አርክቴክቶች ማኅበር ተቋቋመ። ከመሪዎቹ መካከል እንደ ካሮ አላቢያን ያሉ የዚሁ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ይገኙ ነበር። በሌዮኒዶቭም በላዶቭስኪም ላይ የፖለቲካ ክስ የሚመስል ትችት ያዘነቡት እነሱ ናቸው። መምህርና ተማሪ በሐሳብ ይከራከሩበት የነበረው አዳራሽ ሰው የሚወነጀልበት ሆነ። የኋለኛው ዘመን ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ያስተማሩት ሠዓሊዎቹ ጉስታቭ ክሉትሲስና አሌክሳንደር ድሬቪን በ1938 ተረሽነዋል።

የላዶቭስኪን ዘዴ «ባዶ ቅርጽ ነው» ብለው የተቹት ትክክል አልነበሩም?

በከፊል ትክክል ነበሩ። ኦሳዎች ያነሡት ጥያቄ ቁም ነገር ነበረው፦ በሩም መስኮቱም ነዋሪውም የሌለው ኩብ ላይ ሲሠራ የከረመ ተማሪ ነገ ለሠራተኛ ቤተሰብ ቤት ሥራ ሲባል ምን ይዞ ይቀርባል? ላቦራቶሪውም ቃል የገባውን ያህል አልሰጠም። ርዝመትን በዓይን በትክክል መገመት የሚችል ሰው ጥሩ አርክቴክት ይሆናል ማለት አይደለም፤ መሣሪያዎቹም የሚለኩት መለካት የሚችሉትን ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ተቀብዬም ከላዶቭስኪ ጎን እቆማለሁ። ተቺዎቹ ልምምዱን የሚያዩት እንደ መጨረሻ ነው፤ እሱ ግን ያስቀመጠው መጀመሪያ ላይ ነው። ከኩቡ በኋላ የውኃ ማማው ይመጣል፣ ከማማው በኋላ የከተማው መንገድ። ዛሬ በየአገሩ አንደኛ ዓመት ላይ ቤዚክ ዲዛይን የሚባለው ኮርስ የዚህና የባውሃውስ ዘመድ ነው፤ ብዙ ቦታ ግን ልምምዱ ቀርቶ ቆንጆ ቅርጽ መፈለግ ብቻ ሆኗል። ላዶቭስኪ ተማሪውን ያምር እንደሆነ አይጠይቀውም ነበር። የሚጠይቀው እዚህ የቆመው ሰው ምን እንደሚያይና ያንን ያየው በየትኛው መስመር፣ በየትኛው ጥላ ምክንያት እንደሆነ ነው። ተማሪው መልሱን በሞዴሉ ላይ በጣቱ ማሳየት ነበረበት።